የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ ለሚሠራበት የሥራ ልምምድ ዕቃ ስለ ማሰናዳት

ንግድ ዕቃን ከመጋዘን አውጥቶ ለገዥ በማስረከብ ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ዕቃው ለታሰበለት አገልግሎት፣ በታሰበለት ቀን፣ ጉድለት ሳይገኝበት ሲውል ነው ሽያጩ በእውነት ተፈጸመ የሚባለው። ይህ ደንብ ለእህልም ለጨርቅም የሚሠራ ነው፤ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ተሰብስበው አንድ ነገር በሚሆኑበት በኤሌክትሮኒክ ዕቃ ንግድ ግን ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

በልዩ ልዩ አገሮች በትምህርት ቤቶች፣ በወጣቶች ማኅበራትና በሠፈር የሙያ ማሠልጠኛዎች ሰዎች ተሰብስበው የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ በገዛ እጃቸው የሚሠሩበትን የአንድ ቀን የሥራ ልምምድ ማዘጋጀት የተለመደ ሆኗል። አዘጋጆቹ ወደ ነጋዴ ቀርበው «ለ20 ሰው የሚበቃ ዕቃ ያቅርቡልን» ይላሉ። በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ ብዙ ሥራ ተሰውሯል። የተሰወረውን ሥራ አስቀድሞ ያልተመለከተ ነጋዴ ዕቃውን ያስረክባል፤ ገንዘቡንም ይቀበላል፤ በልምምዱ ቀን ግን 20 ሰዎች ባልተሟላ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ይውላሉ። የሚጠፋው የእነርሱ ቀን ብቻ አይደለም፤ የነጋዴውም ስም፣ ገና ሊከፈት የነበረው ገበያም አብሮ ይጠፋል።

የዛሬው ትምህርታችን ዋና ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለው ቀን የሚቃናው ወይም የሚበላሸው በልምምዱ አዳራሽ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በነጋዴው መደርደሪያና በዕቃ ዝርዝሩ ላይ ነው። ድስቱ ከተጣደ በኋላ በርበሬ እንደ ጎደለ ማወቅ ለማንም አይጠቅምም።

ስለ ዕቃው ምንነት

ማይክሮኮንትሮለር ማለት የሚያሰላው ክፍል፣ ትእዛዝ የሚቀመጥበት ማኅደርና ከውጭ ጋር የሚገናኝባቸው እግሮች ሁሉ በአንዲት ቺፕ ውስጥ የተጠቃለሉበት ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የልብስ ማጠቢያ መኪና የውሃውን መጠን፣ የማይክሮዌቭ ምድጃ ደቂቃውን፣ የመኪና ሞተር የነዳጁን ልክ የሚቈጣጠሩት በእርሱ ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን መሥራት የተማረ ሰው የችግኝ ማጠጫ፣ የውሃ ታንከር መሙላቱን የሚያመለክት መሣሪያ፣ ወይም የጫጩት ማስፈልፈያ ሙቀት መቈጣጠሪያ ለመሥራት መንገዱ ይከፈትለታል።

ለጀማሪዎች በብዛት የሚመረጠው አርዱዊኖ የሚባለው ዓይነት ነው። አርዱዊኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ2005 በሰሜን ኢጣሊያ በኢቭሬያ ከተማ በነበረ የዲዛይን ተቋም ለተማሪዎች ታስቦ የተጀመረ ነው። የሰሌዳው ንድፍ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ስለ ተሰጠ፣ ምንጩን እስከ ጠቀሰና ያሻሻለውንም እንደዚያው ክፍት አድርጎ እስካካፈለ ድረስ፣ ማንም ሰው ንድፉን ተከትሎ ሠርቶ መሸጥ ይችላል። ነገር ግን ነጋዴ አንድ ነገር መለየት አለበት፤ የተፈቀደው ንድፉ ነው እንጂ ስሙ አይደለም። ስሙና ምልክቱ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ስለ ሆነ፣ ራሳችን ባዘጋጀነው ጥቅል ላይ እንደ ራሳችን መለያ አድርገን ልናትመው አይገባም። «ከአርዱዊኖ ጋር የሚስማማ» ብሎ መግለጽ ግን የተለመደ ነው።

ለአንድ ሰው የሚያስፈልግ ዝርዝር

ኤቲሜጋ 328ፒ በሚባለው ቺፕ የሚሠራ፣ ለጀማሪ እጅ የሚመች ሰሌዳ የሚከተሉት ክፍሎች አሉት።

1ኛ/ ቀዳዳዎቹና የመዳብ መሥመሮቹ የተሠሩለት ባዶ ሰሌዳ፦ 1
2ኛ/ ኤቲሜጋ 328ፒ፣ ባለ 28 እግር፦ 1
3ኛ/ ቺፑ የሚቀመጥበት ባለ 28 እግር ሶኬት፦ 1
4ኛ/ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል፦ 1
5ኛ/ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር፦ 2
6ኛ/ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፦ 3
7ኛ/ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ያለው፦ 2
8ኛ/ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፦ 1
9ኛ/ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፦ 2
10ኛ/ ኤል.ኢ.ዲ. መብራት፦ 2
11ኛ/ እንደገና ማስጀመሪያ ቁልፍ፦ 1
12ኛ/ 7805 የሚባል፣ ኤሌክትሪኩን 5 ቮልት የሚያደርግ ሬጉሌተር፦ 1
13ኛ/ 1ኤን4001 ዲዮድ፦ 1
14ኛ/ ባለ 6 ፒን ማገናኛ፦ 1
15ኛ/ የአዳፕተር መሰኪያ፦ 1

ይህ ሁሉ ሲደመር 21 ክፍል ይሆናል። ለ20 ሰው 420 ክፍል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዋጋው ከሁሉ የሚያንሰው ቢጎድል፣ ዋጋው ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይፈታል። ክሪስታል ያልተገጠመለት ሰሌዳ፣ ቺፑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ በክሪስታል እንዲሠራ ከተዘጋጀ አይንቀሳቀስም። በዚህ ዓይነት ዕቃ «ትንሽ ጎደለ» የሚባል ነገር የለም፤ ሙሉ ነው ወይም ምንም አይደለም።

አዳፕተሩም ከዝርዝሩ ጋር ይታሰብ። 7805 ሬጉሌተር 5 ቮልት ለማውጣት ከ5 ቮልት በላይ 2 ቮልት ያህል ተጨማሪ ይፈልጋል፤ ዲዮዱም በበኩሉ ከ1 ቮልት ያነሰ ይወስዳል። ስለዚህ 6 ቮልት አዳፕተር አይበቃም፤ የሚስማማው የ9 ቮልት ነው።

ስለ ቍጥርና ስለ መጠባበቂያ

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው በማባዛት ነው። 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ለአንድ ሰው 3 ስለሚያስፈልግ፣ ለ20 ሰው 60 ይሆናል፤ 100 የያዘ አንድ ጥቅል ከበቂ በላይ ነው። የተጋባዡ ቍጥር 35 ቢሆን ግን 105 ያስፈልጋል። «አንድ ጥቅል ይበቃል» ብሎ የገዛ ነጋዴ 33 ሰው ካሟላ በኋላ በ34ኛው ሰው ፊት ባዶ እጁን ይቆማል።

መጠባበቂያውም እንደ ዕቃው ጠባይ ይለያይ። ሬዚስተር፣ ትናንሽ ካፓሲተርና ኤል.ኢ.ዲ. ዋጋቸው ዝቅተኛ ስለ ሆነ፣ እግራቸውም በጀማሪ እጅ ስለሚሰበር፣ ቢያንስ አንድ አምስተኛ ይጨመር። ቺፕ፣ ክሪስታልና ሬጉሌተር ለ20 ሰው ሁለት ሦስት ትርፍ ቢኖራቸው ይበቃል። ባዶ ሰሌዳም ሦስት ትርፍ ይያዝ፤ መሥመሩ በመበየጃ ብረት የተነቀለ ሰሌዳ በልምምዱ ቀን ለመጠገን ጊዜ አይገኝምና። የመጠባበቂያው ዋጋ በማን ላይ እንደሚያርፍና ያልተከፈተው ትርፍ ወደ ሱቅ ይመለስ እንደ ሆነ ከአዘጋጆቹ ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ከብዙ ቅሬታ ያድናል።

ስለ ስምና ስለ ፊደል

ዕቃ አስመጪዎች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባው፣ በዚህ ንግድ አንድ ፊደል ሌላ ዕቃ ማለት መሆኑን ነው። «ኤቲሜጋ 328ፒ» ከሚለው ስም ቀጥሎ «ፒ.ዩ.» የሚል ምልክት ያለበት ባለ 28 እግር ሆኖ በቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው። «ኤ.ዩ.» የሚለው ግን ባለ 32 እግር፣ ጠፍጣፋና በሰሌዳው ገጽ ላይ ብቻ የሚበየድ ነው። የማስላት ችሎታቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛውን ያዘዘ ነጋዴ በሰሌዳው ቀዳዳ ውስጥ ሊያስገባው አይችልም።

እንደዚሁም «328ፒ» እና «328» የሚባሉት መንትዮች ይመስላሉ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቺፕ በውስጡ የተጻፈ የመታወቂያ ቍጥር ስላለው፣ ፕሮግራም የሚጭነው ኮምፒዩተር 328ፒን እየጠበቀ 328ን ቢያገኝ፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር «ይህ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ በትእዛዝ ደብዳቤውም በፋክቱሩም ላይ ስሙ እስከ መጨረሻው ፊደል ይጻፍ።

ስለ ሐሰተኛ ዕቃ

ቡና የሚነግድ ሰው ናሙና ሳያይ ገንዘብ አይከፍልም። ቺፕ የሚነግድም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል፤ ቺፕ ውስጡ በዓይን አይታይምና። እ.ኤ.አ. በ2010 ስፓርክፈን የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሻጭ ድርጅት፣ ይኸው ቺፕ በገበያ በጠፋበት ጊዜ ከአዲስ አቅራቢ ቢገዛ፣ በላዩ ትክክለኛው ስም የታተመበት ውስጡ ግን ሌላ የሆነ ዕቃ ደረሰው። ድርጅቱም ነገሩን ሳይሸሽግ ለሕዝብ ገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ኤፍ.ቲ.ዲ.አይ. የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ፣ ሰሌዳን ከኮምፒዩተር ዩ.ኤስ.ቢ. ጋር የሚያገናኙ ቺፖቹ ተመስለው ስለ ተሠሩበት፣ ሐሰተኞቹን ከሥራ የሚያግድ ሶፍትዌር አሰራጨ። በዚያን ጊዜ የተጎዱት ሐሰተኛውን የሠሩት ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ሳያውቁ የገዙትና ሳያውቁ የሸጡትም ነበሩ። ቍጣ ስለ ተነሣም ኩባንያው ሶፍትዌሩን መልሶ ሰበሰበ።

ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዕቃ በጠፋበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ሁሉ እንደ ታየው የቺፕ እጥረት፣ ከልክ በላይ የረከሰ ዋጋ ሲቀርብ ደስታ ሳይሆን ጥርጣሬ ሊያድር ይገባል። ጭነቱ እንደ ደረሰ ከልዩ ልዩ ቦታ ጥቂት ቺፖች ወጥተው የመታወቂያ ቍጥራቸው በፕሮግራም መጫኛ መሣሪያ ይነበብ፤ አንዱም በሰሌዳ ላይ ተገጥሞ ይሞከር።

ባዶ ቺፕና የተዘጋጀ ቺፕ

ከፋብሪካ በቀጥታ የሚመጣ ኤቲሜጋ 328ፒ ባዶ ነው። በአርዱዊኖ ሶፍትዌር በቀላሉ እንዲታዘዝ «ቡትሎደር» የሚባል አጭር ፕሮግራም አስቀድሞ ሊጫንበት፣ በውጭ ክሪስታል እንዲሠራም ሊስተካከል ይገባል። ይህ ካልተደረገ ተለማማጁ 72ቱን የብየዳ ነጥቦች ሁሉ ያለ ስሕተት ቢበይድም ሰሌዳው ድምፅ እንደ ሌለው ደወል ይሆንበታል፤ ጥፋቱንም በራሱ እጅ ላይ ይፈልጋል።

ነጋዴው ይህን ሥራ ራሱ አሠርቶ «የተዘጋጀ ቺፕ» ብሎ ቢሸጥ፣ በጥቂት ድካም ትልቅ ጥቅም ይሰጣል፤ ለድካሙም ተገቢ ዋጋ መጠየቅ ይችላል። የተዘጋጁት ቺፖች በቀለም ነጥብ ተለይተው ይቀመጡ፤ ከባዶዎቹ ጋር ከተቀላቀሉ በዓይን መለየት አይቻልምና።

ስለ ማስመጣትና ስለ ዋጋ

በጉምሩክ ዘንድ መዘግየት እንዳይመጣ በፋክቱሩ ላይ «የኤሌክትሮኒክ ዕቃ» ብሎ በደፈናው መጻፍ አይበቃም። በዓለም አቀፉ የታሪፍ አከፋፈል ቺፕ በአንቀጽ 85.42፣ ባዶ ሰሌዳ በ85.34፣ ሬዚስተር በ85.33፣ ካፓሲተር በ85.32፣ ዲዮድ፣ ኤል.ኢ.ዲ.ና የተገጠመ ክሪስታል በ85.41፣ የመበየጃ ብረት በ85.15 ይመደባሉ። እያንዳንዱ በየመሥመሩ ከብዛቱና ከዋጋው ጋር ቢዘረዘር ፍተሻው ይቀልላል።

ሊትየም ባትሪን ከዚህ ጭነት ጋር ባያቀላቅሉ ይመረጣል። ሊትየም አዮን ባትሪ ብቻውን በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ተከልክሏል፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ የገባ ባትሪ የቀረውን ዕቃ ሁሉ ሊያስቆም ይችላል።

የዋጋ ማቅረቢያ ሲጻፍ ዋጋው የሚጸናበት ቀን ይወሰን። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ከሁለት ወር በፊት በብር የተነገረ ዋጋ ዕቃው በሚደርስበት ቀን ወጪውን ላይሸፍን ይችላል። በቃል የተባለ ዋጋ ነጋዴውንም አዘጋጁንም ያጣላል።

ስለ አዳራሹ

ዕቃ አቅራቢው የአዳራሹንም ሁኔታ መጠየቅ አለበት። ባለ 60 ዋት 20 የመበየጃ ብረት 1,200 ዋት ይወስዳል፤ ባለ 65 ዋት 20 ላፕቶፕ 1,300 ዋት ይጨምራል። በ220 ቮልት ይህ ከ11 አምፔር በላይ ነው። ስለዚህ ባለ 10 አምፔር በሆነ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሁሉን መሰካት ለእሳት አደጋ መጋበዝ ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት መሥመር ይከፈል። ለሁለት ሰው አንድ የመበየጃ ብረት ማድረግም ይቻላል፤ አንዱ ሲበይድ ሌላው ክፍሎቹን ይለያልና። የመበየጃው ብረት ለ110 ቮልት የተሠራ እንዳይሆን ከመግዛት በፊት ጽሑፉ ይነበብ።

ሶልደር የሚባለው የመበየጃ ሽቦ ሁለት ዓይነት ነው። 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ያለበት በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ለጀማሪ ይቀላል። እርሳስ የሌለበት በ217 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ሲሆን ጤናን በተመለከተ ይመረጣል። እርሳስ ያለበት ከተመረጠ በብየዳው ጠረጴዛ ላይ ምግብና ቡና አይቅረብ፤ ሁሉም ከሥራ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። በሁለቱም ዓይነት የሚወጣው ጢስ ስለሚጎዳ መስኮቶች ይከፈቱ። የተሠራ ሰሌዳ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመላክ የሚያስቡ ላኪዎች ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ጀምሮ በዚያ ገበያ በኤሌክትሮኒክ ዕቃ ውስጥ እርሳስ የተገደበ መሆኑን ይወቁ።

ስለ ማሸግና ስለ መሞከር

420ውን ክፍል በአንድ ሣጥን ከቶ መስጠት ማስረከብ ሊባል አይችልም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፖስታ ይዘጋጅ፤ በላዩም የክፍሎቹ ዝርዝርና የቈጠረው ሰው ፊርማ ይኑር። 10 ኪሎ ኦሙን ከ1 ኪሎ ኦሙ ለመለየት የቀለም ምልክታቸው ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ሲሆን ሁለተኛው ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ነው። 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በላዩ «104» ተብሎ እንደሚጻፍም ይገለጽ። የኤል.ኢ.ዲ. ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ መሆኑ አይረሳ።

ከሁሉ በላይ፣ ከልምምዱ 20 ቀን ያህል አስቀድሞ፣ ከፖስታዎቹ አንዱ በፊት በይዶ ለማያውቅ ሰው ተሰጥቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራ። የብየዳው ነጥብ 72 ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢታሰብ 72 ደቂቃ ይሆናል፤ ክፍል መለየቱና ማረሙ ሲታከልበት ግማሽ ቀን ቢመደብ አይበዛም። ቺፑ ሶኬቱ ላይ ከመቀመጡ በፊት አዳፕተሩ ተሰክቶ በ7ኛውና በ8ኛው ቀዳዳ መካከል ያለው ኤሌክትሪክ በቴስተር ይለካ፤ ከ4.8 እስከ 5.2 ቮልት ከሆነ ደኅና ነው። ካልሆነ ቺፑ ሳይቃጠል ስሕተቱ ይገኛል። በዚህ ሙከራ የተገኘ ጉድለት ሁሉ በነጋዴው መደብር የተገኘ ስለ ሆነ ሊታረም ይችላል፤ በአዳራሹ የተገኘ ግን ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ቀን አቆጣጠር

ሥራው ከልምምዱ ቀን ወደ ኋላ እየተቈጠረ ይመደብ። ከ60 ቀን በፊት የሰው ቍጥርና ዝርዝሩ ይቈረጥ፤ በሳምንቱ ትእዛዙ ይላክ። ዕቃው ከ30 ቀን በፊት እንዲገባ ይታቀድ፤ ያልገባ ቢኖር ከአገር ውስጥ ገበያ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራል። ከ20 ቀን በፊት ናሙናው ይሠራ፤ ከ10 ቀን በፊት ቺፖቹ ይዘጋጁና ፖስታዎቹ ይታሸጉ፤ ከ3 ቀን በፊት አዘጋጆቹ በተገኙበት ተቈጥረው ርክክብ ይፈረም።

ከልምምዱ በኋላ

ቀኑ ከተቃና 20 ሰዎች የሚሠራ ሰሌዳ ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ከእነርሱ አንዱ ወደ ሱቅ መጥቶ ሁለት ሬዚስተርና አንድ ክሪስታል ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ «በጥቅል ካልሆነ አንሸጥም» የሚል ባለሱቅ ደንበኛውን ራሱ አስተምሮ ራሱ ያባርራል። በነጠላ የሚሸጥ፣ ሲሸጥም የዕቃውን ስም እስከ መጨረሻው ፊደል የሚያውቅ ባለሱቅ ግን ዛሬ በሳንቲም የጀመረው ደንበኛ ነገ የውሃ ፓምፕ መቈጣጠሪያ ለመሥራት መቶ ቺፕ ሲያዝ ያገኘዋል። ስለዚህ ከልምምዱ የተረፈው መጠባበቂያ ወደ መጋዘን ጥግ አይጣል፤ በየስሙ ተለይቶ ከመደርደሪያው ፊት ይቀመጥ።